ድሬዳዋ ለሚኖሩ የውጭ አገር ተማሪዎች፦ ስለ ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅቡቲ፣ ከሶማሊያ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከሌላም አገር ለትምህርት ድሬ የሚመጡ ልጆች አሉ። ውጭ ተወልደው በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ወደ ወላጆቻቸው ከተማ የሚመለሱም አሉ። ሁሉም የሚጠይቁን ተቀራራቢ ነገር ነው። አከራዮችና የክፍል ጓደኞች፣ አማርኛው ገና ላልገባቸው ልጆች በሚሰሙት ቋንቋ አስረዱልን፤ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ቢሆን ድሬ ውስጥ አስተርጓሚ አይጠፋም።

ድሬዳዋ ለውጭ ሰው አደገኛ ናት?

ሌባ አለ፣ ሰካራም አለ፣ ማታ ብቻን የማይኬድበት መንገድም አለ። ነገር ግን አዲስ ተማሪ የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነው። የሚፈራው ጨለማ ውስጥ ቢላ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ያየናቸው ልጆች ግን ወይ ትንኝ የነከሳቸው፣ ወይ ሙቀት የጣላቸው፣ ወይ ባጃጅ የተገለበጠባቸው ናቸው። ስለዚህ ከታች ስለ ሌባ ካወራነው ይልቅ ስለ ውሃ በርሚል አብዝተን ብናወራ አትገረሙ።

ስለ ሰዉ አንድ ነገር እንጨምር። ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ የድሬ ሰው ምሽቱን የሚያሳልፈው ደጅ ነው። ባለ ሱቁ፣ የግቢው ዘበኛ፣ በር ላይ ድንች የምትጠብሰው ሴት፣ ማዕዘኑ ላይ የሚቆሙት የባጃጅ ልጆች፣ ሁሉም መንገዱን ያያሉ። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁህ ከሆነ ሰፈሩ ይጠብቅሃል፤ የማያውቁህ ከሆነ ግን ከፊታቸው ስልክህ ቢነጠቅ እንኳ ማን እንደተነጠቀ አይገባቸውም። ቤት በገባችሁ ሳምንት ሰላምታ መስጠት ጀምሩ፣ ሳሙናና ውሃ ከአንድ ሱቅ ግዙ፣ ስማችሁንና የምትማሩበትን ተናገሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ዘመዱ ድንበር ማዶ ላለ ሰው ይበልጥ ይሠራል።

ቤት የት ልከራይ? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ልይ?

ከዚራ የሚባለው ሰፈር በባቡሩ ዘመን በፕላን የተሠራ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ ያለው፣ ጸጥ ያለ። ጸጥታው ቀን ደስ ይላል፣ ሌሊት ግን መንገዱ ጭር ይላል። ደቻቱ ከሚባለው የአሸዋ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ ግርግር አያጣውም፤ ሰው ሞልቶበት ስለሚያመሽ ብዙ ልጆች ከጭርታው ይሻላል ይሉታል። ሳቢያን አዳዲስ ቤቶች አሉት። በእኛ አስተያየት ከሰፈሩ ይልቅ የሚወስነው ግቢው ነው። አከራዮቹ እዚያው የሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል፣ ማንም ማንንም ከማያውቅበት ሰፊ አፓርታማ ትበልጣለች። ባለቤቷ እናት ካሉማ ሲመሽባችሁ «የት ቀረህ?» ብለው ይደውላሉ። መጀመሪያ ያስመርራል፤ ስትታመሙ ዋጋው ይገባችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የበሩን ቁልፍ እዩ፣ መስኮቱ ፍርግርግ እንዳለው እዩ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን እንዳለው ደግሞ በደንብ እዩ። የቀድሞው ተከራይ ቁልፍ ሳይመልስ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ጓጉንቸሩን ቀይሩት። ቤቱን ሳታዩ ለደላላ ገንዘብ አትላኩ፤ በፎቶ ብቻ የታየ ቤት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። «የውጭ ሰው ስለሆንክ የስድስት ወር ክፈል» የሚል ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት። አከራያችሁ ቀበሌ ያስመዝግባችሁ፤ ነገር ሲመጣ «አላውቀውም» እንዳይባል ነው።

ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ለምን በዚያ አትለፍ ትሉኛላችሁ?

ደረቅ የሚሆነው ውሃ እስኪመጣበት ነው። ዝናቡ የሚጥለው ከደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ሲሆን ጎርፉ ወደ ከተማው የሚወርደው በዚሁ አሸዋ ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ሞልቶ ወጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል፣ ሺዎችን ቤት አልባ አድርጓል። የከተማው ሰው ያንን ሌሊት አልረሳውም። የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይሁንና ግንቡ የሚጠብቀው ከዳር ያለውን እንጂ አሸዋው ላይ የቆመውን አይደለም።

ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በበልግ ዝናብ ወቅትም፣ በድልድይ ተሻገሩ። ኳስ ለመጫወት ወይም ፎቶ ለመነሳት ከወረዳችሁና ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ከሰማችሁ ቦርሳችሁን ለማንሳት እንኳ አትመለሱ። ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ ሆናችሁ ሹፌሩ «ትንሽ ውሃ ነው» ብሎ ሊሻገር ቢል ውረዱ።

ትኩሳት ያዘኝ። ፋርማሲ ሄጄ መድኃኒት ልግዛ?

መጀመሪያ ደም ተመርመሩ። ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ የምናስረዝመው፣ ከደጋ አገር ወይም ወባ ከሌለበት ከተማ የመጣ ልጅ ትኩሳትን እንደ ጉንፋን ስለሚያየው ነው።

ድሬ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሦስት ትኩሳቶች አሉ። አንደኛው ወባ ነው። ሁለተኛው ደንጊ ሲሆን ከተማው ውስጥ በወረርሽኝ መልክ የታየው በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነበር። ሦስተኛው ችኩንጉንያ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጥሏል፣ መገጣጠሚያው ታስሮ ሳምንታት ያነከሰም ብዙ ነበር። ደንጊንና ችኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፤ ስለዚህ «ማታ አጎበር ውስጥ እተኛለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ወባውም ቢሆን ድሮ እንደምናውቀው የገጠርና የክረምት ብቻ አልሆነም። ከእስያ የመጣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በንጹሕ የቤት ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ድሬ ላይ የተነሳው ወባ ከእሱ ጋር ተያይዟል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሚልና ሮቶ የሌለው ግቢ የለም። ክዳኑን ግጠሙ፣ በርሚሉን በሳምንት አንዴ ባዶ አድርጋችሁ ጎኑን ፈትጉ፣ ቀን የምትነክሰው ትንኝ እንቁላል የሚጣበቀው ጎኑ ላይ ነውና። የተጣለ ጎማና የአበባ ማስቀመጫም አትርሱ። ግቢው ውስጥ ያለ አንድ ክፍት በርሚል የሁሉም ተከራይ ጉዳይ ስለሆነ አከራይን መናገር ድፍረት አይደለም።

ሲያማችሁ ፓራሲታሞል መውሰድ ትችላላችሁ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግን ደንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አትውሰዱ፤ የመድማት አደጋ ያመጣሉ። በተለይ «መርፌ ልውጋህና ቶሎ ትነሳለህ» የሚል ካለ ምን መርፌ እንደሆነ ጠይቁ። ድድ ወይም አፍንጫ መድማት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ መፍዘዝ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እየጠበቃችሁ የምታውቁትን ባለ ባጃጅም ደውሉለት፤ የቀደመው ያድርሳችሁ።

ሙቀቱንስ እንዴት ልልመደው?

በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ድሬ እራሷ ታሸልባለች፤ እናንተም እንደሷ አድርጉ። ኳስና ሩጫ ለጠዋት ይሁን፣ ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ላብ ቆሞ ቆዳው የጋለ፣ የሚቀባጥር ልጅ ካያችሁ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁበት አራግቡት፤ ወደ ሐኪም ቤትም ውሰዱት።

ስልክ የሚሰረቀው የት ነው?

ቀፊራ፣ አሸዋ፣ ታይዋን፤ ባጭሩ ሰው ለሰው በሚተሻሽበት ገበያ ሁሉ። ሌላው ቦታ የባጃጅ ጠርዝ ነው፤ በጎን በኩል ክፍት ስለሆነ ስልክ ዘርግቶ የሚያወራ ተሳፋሪ ለነጣቂ ቀላል ነው። አንዱ ልብስህ ላይ ቆሻሻ አለ ብሎ ሊጠርግልህ ሲጠጋ፣ ወይም ሁለት ልጆች ያለ ምክንያት ከፊትህ ሲጣሉ፣ እጅህን ኪስህ ላይ አድርገህ እለፍ። ነጣቂን ተከትላችሁ ወደማታውቁት ቅያስ አትሩጡ።

ስልኩ ሳይጠፋ ዛሬውኑ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ፖሊስ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከጠፋ በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፣ ምክንያቱም ቴሌብራችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው።

«ተሳስቼ ብር ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ተደወለልኝ።

መተግበሪያውን ከፍታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ብሩ ከሌለ የላኩላችሁ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው፤ ዝጉት። ሚስጥር ቁጥር ወይም በጽሑፍ የመጣ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ፣ «ከቴሌ ነው» ቢልም «ከባንክ ነው» ቢልም፣ ሌባ ነው። የውጭ ተማሪ ላይ የሚበረታው ሌላ ጥያቄ ደግሞ «በአንተ ሒሳብ ብር ይግባልኝ፣ አንተ አውጥተህ ስጠኝ» የሚለው ነው። የማን ገንዘብ እንደሆነ አታውቁም፣ ተጠያቂው ግን ሒሳቡ በስሙ ያለው ሰው ነው።

ዶላርና የጅቡቲ ፍራንክ መንገድ ላይ መመንዘር ሕገ ወጥ ነው። ሕጉን ትተነው እንኳ፣ ቆጥረህ የተቀበልከው ብር ቤት ስትደርስ መሃሉ ወረቀት ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ለፖሊስ ምን ብለህ ታመለክታለህ? ከ2016 ሐምሌ የምንዛሬ ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ የባንክና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም።

ማታ በባጃጅ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ የምታውቁት ሹፌር ከሆነ። ሁለት ሦስት ባለ ባጃጅ ደንበኛ አድርጉ፣ ስልካቸውን ያዙ። የማታውቁት ሲሆን ዋጋ ሳትጨርሱ አትግቡ፣ ታርጋውን ለጓደኛ ላኩ፤ ኮንትራት ይዛችሁ ሳለ «ይሄ ጓደኛዬ ነው፣ መንገድ ላይ ይወርዳል» ብሎ ሰው ሊያስገባ ቢል ውረዱ። ቀጠሮ ስትይዙም በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። እኛ ማታ 2 ሰዓት የምንለውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 መስሎት ጭር ባለ መንገድ ላይ የተገኘ ልጅ አውቃለሁ።

ሴት ተማሪ ነኝ። መንገድ ላይ ለከፋ ሲያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

አትመልሺ፣ አትቁሚ፣ ፊት ለፊትሽ ወዳለው ሱቅ ግቢ። ትልልቅ ሴቶች ወደተቀመጡበት ሄደሽ «እናቴ፣ ይሄ ልጅ እየተከተለኝ ነው» በይ፤ ቀሪውን እነሱ ይጨርሱታል። የድሬ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አይገስጹም። ስለ አለባበስ ብዙ ትጠየቃላችሁ። ድሬ ሞቃት ስለሆነች ሰዉ ቀለል ብሎ ይለብሳል፣ ድሪያም ጂንስም እኩል ይታያል። የምትለከፍ ሴት ልብሷን ስለቀየረች የተለከፈችበት ጉዳይ አይቀየርም፤ ጥፋቱ የለካፊው ነው።

ከመንገዱ የሚከብደው ከሚታወቅ ሰው የሚመጣው ነው፤ አከራይ፣ የክፍል ጓደኛ፣ ውጤት በእጁ የያዘ መምህር። «ቢሮዬ ማታ ነይ» ከተባልሽ ጓደኛ ይዘሽ ቀን ሂጂ፣ መልእክቶቹን አታጥፊ፣ ለዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ተናገሪ። የውጭ ተማሪዎች «ፈቃዴን ያሰርዙብኛል» ብለው ዝም የሚሉት በዚህ ነው። አቤቱታ ማቅረብ የመኖሪያ ፈቃድ አያሳጣም።

ተገዶ መደፈር ከደረሰ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ሲፈጥን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። እርግዝና መከላከያውም እስከ አምስት ቀን ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን ይሻላል። ከተቻለ ሳትታጠቢ ሂጂ፣ የለበስሽውን በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢ፣ በፌስታል አይሁን። ፖሊስ 991 ነው፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ጠይቂ። አብራሽ የምትሄደው ጓደኛ ለምን፣ እንዴት እያለች አትጠይቅሽ፤ ውሃ ትያዝ፣ ወረፋ ትጠብቅ፣ ያ ይበቃል።

ጫት ካልቃምኩ ጓደኛ አላገኝም?

ታገኛለህ። በርጫ (ሰው ተሰብስቦ ጫት የሚቅምበት) ላይ ሻይህን ይዘህ መቀመጥም ይቻላል፣ ማንም አያስገድድም። ጫት እዚህ አይከለከልም፤ ሐሺሽ ግን ወንጀል ነው፣ «እዚህ ሁሉም ያደርገዋል» የሚልህ አብሮህ አይታሰርም። ሲቅም ውሎ ማታ «ለማብረድ» ከጠጣ ሰው ጋር መኪና ውስጥ አትግባ።

ሐረር ወይም ሐረማያ ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?

ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ1,200 ሜትር ተነስታችሁ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ የምትደርሱት በደንገጎ ጠመዝማዛ ነው። ጭጋግ አለ፣ ከባድ መኪና አለ፣ ጠምዛዛው ላይ ቀድሞ ማለፍ የሚወድ ሹፌር አለ። ቀን ሂዱ። ሹፌሩ ሲከንፍ «ቀስ በል» ማለትን የሚያፍር ተሳፋሪ ብዙ ስለሆነ አንድ ሰው ከጀመረ ሌላው ይከተላል።

ኬላ ላይ መኪናው ሊፈተሽ ሲል ከጎናችሁ ያለች ሴት «ይህችን ፌስታል ያዝልኝ፣ የአንተ ናት በል» ልትል ትችላለች። ኮንትሮባንድ ነው። ጨርቅ ወይም ሽቶ ሊሆን ይችላል፣ የከፋም ሊሆን ይችላል። እንደ ድሬ ሰው ልብ ሳትሰብሩ፣ ግን ሳትይዙ፣ «እናቴ፣ የውጭ ተማሪ ነኝ፣ ያስሩኛል» በሉ።

ሐረር የጅቡን ትርዒት ከቀላቢዎቹ ጋር እዩ፣ ብቻችሁን ከጀጎል ግንብ ውጭ በሌሊት ጅብ ፍለጋ አትውጡ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ውሻ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ፣ ጭረት ብቻ ቢሆንም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና የዚያኑ ቀን ለክትባት ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። ሐረማያ ለሚማሩ ደግሞ፦ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከሰል አቀጣጥላችሁ በዘጋችሁት ክፍል አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ግርግር ከተነሳስ?

ቤታችሁ ግቡ፣ በር ዝጉ፣ አትቅረጹ። የውጭ ሰው ሆናችሁ ሰልፍ ዳር ስልክ ከፍ አድርጋችሁ ስትቆሙ ሁለቱም ወገን በክፉ ያያችኋል። የወታደር፣ የአየር ኃይል፣ የኬላ ፎቶ በሰላሙም ጊዜ አታንሱ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ በዋትሳፕ ብቻ የሚገናኙ ቤተሰቦች ልጃቸው በሕይወት መኖሩን ሳያውቁ ሰነበቱ። ከቤተሰብ ጋር በተራ ስልክ የምትደዋወሉበትን መንገድ ከአሁኑ ተስማሙ። የሁለት ሦስት ቀን ውሃ፣ ደረቅ ምግብና ጥሬ ገንዘብ ቤት ይኑር። የጅቡቲ ቆንስላ ድሬ ውስጥ አለ፤ የሌሎቻችሁ ኤምባሲ አዲስ አበባ ስለሆነ ስልኩን ወረቀት ላይ ጻፉት።

ፓስፖርቴን ይዤ ልዙር?

ኮፒውንና የተማሪ መታወቂያችሁን ያዙ፣ ዋናው ቤት ይቆለፍበት። አከራይ «መያዣ» ብሎ ፓስፖርት ከጠየቀ እንቢ በሉ። የፈቃዳችሁን ማብቂያ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ቀኑ በፈረንጅ ተጽፎ እናንተ በኢትዮጵያ ስትቆጥሩ ያልፋል፣ ቅጣቱም በቀን ይቆጠራል።

ለእረፍት ወደ አገሬ ስበር ጎረቤቴ «ለእህቴ እቃ አድርስልኝ» አሉኝ። እንዴት እንቢ ልበል?

እንቢ አይባልም፤ ይፈተሻል። «እማማ፣ በደስታ፤ ግን ኤርፖርት ስለሚጠይቁኝ አብረን እንክፈተውና እኔ እራሴ ላሽገው» በሏቸው። በርበሬና ቡና ከሆነ ይስቃሉ፣ ይከፍቱታል። ጫት ከሆነ ጅቡቲ ችግር የለውም፤ ለንደን፣ ዱባይ ወይም ጂዳ ግን ያሳስራል፣ የደረቀውም ቢሆን። «ታሽጓል፣ አይከፈትም» ካሉ ሻንጣችሁ ሞልቷል።